አፍ የሌለው መስኮት

ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርድ የሚወጣበትን መስኮት ያደሰው ባለሙያ ለወረቀት አስቧል፤ ለአፍ ግን አላሰበም። ከጠረጴዛው አንስቶ ከሰው ራስ በላይ ድረስ እንደ ውሃ የጠራ ወፍራም ፕላስቲክ ገጠመ። ከታች ካርድ የምትሾልክበት ቀጭን ክፍተት ተወ። ብሎኑን አጠባበቀና እጁን አራግፎ ሄደ። ድምፅ የሚያልፍበት አንድ ቀዳዳ እንኳ አልበሳም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ሰዎች መተያየት እንጂ መደማመጥ አቃታቸው።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ከውስጥ ትጮኻለች፤ ሕመምተኛው ከውጭ ይጮኻል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወረፋ ያለ ሰው ሁሉ የሰፈሩን ሕመም አንድ በአንድ አወቀ። ማንን ኪንታሮት እንዳስቸገረው፣ የማን ባል ሲያንኮራፋ እንደሚያድር፣ ለየትኛው ጎረምሳ ምን ዓይነት ቅባት እንደታዘዘ የማያውቅ አልነበረም። አንዳንዱማ ምንም ሳያመው መጥቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ መዋል ጀምሯል ይባላል።

እማማ የዚህ ነገር ገፈት ቀማሽ የሆኑት ሰኞ ጠዋት ነው።

እማማ ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህርት ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ኮሌታቸው የማይጨማደድ ሴት ናቸው። በሰፈሩ ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች የሆነውን ሰው ሁሉ ወይ አስተምረውታል፣ ወይ ጆሮውን ቆንጥጠውታል። ደም ግፊት ስላለባቸው በየወሩ እየተለኩ ኪኒናቸውን ይወስዳሉ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ብሏል፤ እሳቸው ግን «ሰው ነው ማንሾካሾክ ያበዛው» ነው የሚሉት።

ያን ዕለት ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቆሙ ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። አልሰሙም። ጮኸች። አሁንም አልሰሙም። ቢቸግራት ጥያቄዋን ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፋ ፕላስቲኩ ላይ ለጥፋ አሳየቻቸው። እማማ ደግሞ መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። ይኼኔ ከኋላቸው የቆመ አንድ ግዙፍ ሰው ልርዳቸው ብሎ፣ በዚያ ጣሪያ በሚያንቀጠቅጥ ድምፁ አነበበላቸው።

«‹እማማ፣ ሽንትዎን ይዘው መጥተዋል ወይ?› ነው የምትለው!»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እማማ ዞረ። ከዚያ ከጥግ በኩል አንዲት ሴት ሳቋን ልታፍን ሞክራ አመለጣት፤ ወረፋው ሁሉ ተከተላት። እማማ ቀስ ብለው ዞረው ሰውየውን አዩት። ሁለተኛ ክፍል ሳለ ፊደል አልገባው ብሎ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስቀምጠው ማንበብ ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

«ጎሽ» አሉት፣ «አሁንስ ጥሩ ታነባለህ።»

ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጎጥ አድርገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወጡ። ቤት ሲደርሱ ግን ያ ሁሉ ኩራት ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ወንበር ላይ ዘጭ ብለው፣ «ያ መስኮት አፍ እስኪያወጣ ድረስ እግሬ እዚያ ቤት አይደርስም!» ብለው ማሉ።

ኪኒናቸው እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር የሚበቃቸው። አብሯቸው የሚኖረው ትልቁ ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሌላ ጤና ጣቢያ ልውሰድዎት ብሎ ለመናቸው። «ምን አጥፍቼ ነው ከሰፈሬ የምሰደደው?» አሉት። እሱ ሰውን ሁሉ ወደሚፈልገው ቦታ ሲያደርስ የሚውል ሰው እናቱን ግን ከወንበራቸው ማስነሳት አቃተው።

«ይተዉት፣ እማማ» አለች ምራታቸው። «አፉን እኔ አወጣለታለሁ።»

ምራታቸውን ሰፈሩ የሚያውቃት «ቆራጧ» በሚል ስም ነው። ስሙን ሁለት ነገር አሰጥቷታል። አንደኛው ሥራዋ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ መስታወት ስትቆርጥ የኖረች ባለ ሱቅ ናት። ሁለተኛው ጠባይዋ ነው፤ አንዴ ካለች አለች ነው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ሄዳ ኃላፊዋን ሲስተር አነጋገረች። ሲስተር እንደ ሰማች ልታቅፋት ምንም አልቀራት። «ኧረ ገላገልሽኝ! ያ የገጠመው ሰውዬ ስልኩን ዘግቷል። የተረፈ አንድ ሙሉ ሉህ ግን ዕቃ ቤት አለ። ከተገጠሙት ሦስቱ የመሃለኛውን አውልቀሽ በሱ መተካት ትችያለሽ።»

«በልኩ እቆርጠዋለሁ፣ እበሳዋለሁ፣ ሐሙስ ይገጠማል።»

«አያስቸግርሽም?»

«ሲስተር፣ ፕላስቲክ እኮ ነው» አለች ቆራጧ፣ ሳቅ ብላ። «ሃያ ዓመት መስታወት ያገላበጠች ሴት ፕላስቲክ ያቅታታል?»

ማክሰኞ ጠዋት ሉሁን ሱቋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። እንደ ልማዷ የብረት ማስመሪያ አስደግፋ፣ በመስታወት መቁረጫዋ አንዴ ጭራ፣ ከሥር ኳኳ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ጫን አለችው። መስታወት አንዴ ከተጫረ መንገዱን አይስትም። ፕላስቲኩ ግን መጀመሪያ ለጠጥ አለ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ከዚያ ቷ ብሎ መሃል ላይ ሲደርስ መስመሩን ትቶ ወደ ጎን ሸሸ። ቆራጧ የቀረውን ቁራጭ ብትለካው ለመስኮቱ አይበቃም።

«ቆይ፣ እንግዲያው ሉሁን ተይው፣ የተገጠመውን እዚያው እበሳዋለሁ» አለች ለራሷ። «መብሳቱን በዚህ ቁራጭ ልሞክር።» ድሪሏን አወጣች። ብረት የሚበሳ አዲስ ፑንታ ገዝታ፣ ጫፉን በጣቷ ስትነካው ቆዳዋን ጫር ሲያደርጋት ደስ ብሏት፣ አጥብቃ ገጠመችው። ቁራጩን ጠረጴዛው ዳር አስተኝታ፣ ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ አድርጋ፣ በደረቷ ተጫነችው። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ቀጥሎ ነጭ ሙጫ የመሰለ ነገር ፑንታው ላይ ተጠመጠመ። ከሥር ሊወጣ ሲል ደግሞ ፑንታው ነከሰና ፕላስቲኩን ከእጇ መንጭቆ አዞረው። ቷ! ከቀዳዳው ዙሪያ አምስት ስንጥቅ ወደ አምስት አቅጣጫ ሄደ።

ባሏ ማታ ሲገባ ስብርባሪውን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ አየው። «የጠራ ነው ስትይ አልነበር? ይሄ እኮ የአውቶቡስ መስመር ካርታ ነው። እዚህ ጋ ይኸውልሽ፣ የኔ መነሻ።»

«ሳቅ! አንተ ምን አለብህ።»

«አሁን የቀረው የተገጠመው ብቻ ነው?»

«የተገጠመው ብቻ። እሱ ከተሰበረ ካርድ ክፍሉ ባዶውን ቀረ።»

ሾፌሩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «የዚህን ነገር ፈውስ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ እማማም ወልደውታል።»

ቆራጧ ስብርባሪውን ከእጁ ተቀብላ አስቀመጠችው።

የሚለው ታናሽ ወንድሙን ነው። ዋርሳዋ ታፔላ ሠሪ ነው። የሱቆችን ስም በቀለማት ፕላስቲክ እየቆረጠ ስለሚሠራ ሰዉ «ፊደሉ» ይለዋል። ከሦስት ዓመት በፊት ቆራጧ በእጇ የሠራችውን የሰፈሩን ዳቦ ቤት መደርደሪያ መስታወት አስነቅሎ በፕላስቲክ ተካው። ነገሩን ያወቀችው በዚያ ስታልፍ በዓይኗ አይታ ነው። ዳቦ ጋጋሪውንም አልጠየቀችም፣ ዋርሳዋንም አልጠየቀችም፤ በሆዷ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እማማ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላይ ምሳ ይበላሉ፤ ግን አይነጋገሩም። ጨው ሲያስፈልጋት፣ እሱ ክርኑ ክርኗን እየነካ ተቀምጦ፣ «እማማ፣ ጨው እንዲያቀብለኝ ይንገሩልኝ» ትላለች። እማማም ያን አናቱ የተመለጠ ጎልማሳ «ማሙሽ፣ ጨው አቀብላት» ይሉታል። ማሙሽም ያቀብላል።

ረቡዕ ጠዋት ቆራጧ የተሰነጠቀውን ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልላ ወደ ፊደሉ ሱቅ ሄደች። ደጃፉ ላይ ሁለት ጊዜ አልፋ ተመለሰች። በሦስተኛው ገባች።

ሱቁ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ከየታፔላው የተረፉ ፊደላት ተሰቅለዋል፤ አንድ ቀይ «ሸ»፣ ሁለት ሰማያዊ «መ»፣ እግሩ የተቆረጠ «ጠ»። ፊደሉ ከጠረጴዛው ቀና ሲል አያት። ከኋላዋ ወደ በሩ ተመለከተ፣ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ።

«እማማ የሉም እንዴ?»

«የሉም» አለች። «ያለ አስተርጓሚ ነው የመጣሁት።»

ጋዜጣውን ፈትታ ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እሱ ጎንበስ ብሎ አየው። ጣቱን በስንጥቆቹ ላይ አንድ በአንድ አስኬደ።

«ፑንታው አዲስ ነው።»

«በዕለቱ የተገዛ።»

«ተጭነሻል።»

«በደረቴ።»

«ከሥሩም እንጨት አላደረግሽም።»

«አንተ፣ እዚያ ነበርክ እንዴ?»

«እትዬ፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ የሰበርኩት ልክ እንደዚህ አድርጌ ነው። አሥራ አንደኛው ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ቆራጧ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ፊቷን ሰብሰብ አደረገች።

«እንድታስተምረኝ ነው የመጣሁት። ግን የዳቦ ቤቱን ነገር ሳልጠይቅህ እጄን ዕቃ ላይ አላሳርፍም። ምን በድዬህ ነው?»

ፊደሉ በመሃረብ እጁን ጠረገ። ከሚገባው በላይ ጠረገ።

«አልበደልሽኝም። የዳቦ ጋጋሪው ትንሿ ልጅ መደርደሪያውን ተደግፋ ቆማ ሳለ የብረት ትሪ ከላይ ወደቀ። መስታወቱ ተሰበረና እጇን ቆረጣት፤ ሦስት ቦታ ተሰፋች። አባትየው እኔ ጋ መጥቶ ‹ለቆራጧ እንዳትነግራት። እሷ የሠራችው መስታወት ልጅ መቁረጡን ከሰማች ሁለተኛ መቁረጫ አታነሳም› አለኝ። እኔም አልነገርኩሽም።»

ቆራጧ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ልጅቷስ?»

«ድናለች። ሲመሽ ሲነጋ ደጃፍ ላይ ገመድ ስትዘል ነው የምትውለው። ጠባሳውን ለጓደኞቿ እያሳየች ትኮራበታለች።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ሌባ ሳይህ ዝም አልክ?»

«ከመንገር ጨው ማቀበል ቀለለኝ።»

ቆራጧ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አንተ ሞኝ» አለች በመጨረሻ። «ብትነግረኝ ኖሮ እኔ ራሴ መጥቼ ‹ለዚያ ቦታ ፕላስቲክ ሥራልኝ› እልህ ነበር። ልጅ የሚደገፍበት ቦታ እኮ ነው። በል፣ ድሪልህን አምጣ። ነገ ሐሙስ ነው።»

ፊደሉ ካደረገው ሁሉ መጀመሪያ ያስደነገጣት ፑንታውን መሳያ ድንጋይ ላይ አድርጎ ስለቱን ማዶልዶሙ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው? ደህናውን ፑንታ!»

«ስለት ለብረት ነው። ፕላስቲክ ላይ የተሳለ ነገር ይነክሳል፤ ከነከሰ ደግሞ ይሰነጥቃል። እኛ የምንፈልገው እንዲፍቅ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ ታደርጊዋለሽ፤ አታበዢበትም።»

ቀጥሎ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ከሥር አነጠፈ፤ አንድ ትራፊ ፕላስቲክና ጣውላውን አንድ ላይ ጠርቅሞ በሚይዝ ሞርሳ አሰረ። ላዩ ላይ የተለጠፈውን መከላከያ ወረቀት ልትልጠው ስትል እጇን ያዘ። «ይቆይ። ልብሱ ነው። ሥራው ሲያልቅ ነው የሚወልቀው።» ቀዳዳው የሚሆንበትን ቦታ በእርሳስ ነጥብ አደረገ፤ ከጠርዙም ራቅ አደረገው። «ጠርዝ ዳር አትብሺ። ጠርዝ ልቡ ቅርብ ነው፣ ቶሎ ይከፋዋል።» ከዚያ ከሳሙና ውሃ ጠብ አድርጎ፣ ድሪሉን በዝግታ አስነሳው።

«አሁን ስሚ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። አትጫኚው፣ የድሪሉ ክብደት ይበቃዋል። ትንሽ ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ፣ ፍርፋሪውን ታራግፊያለሽ። ነጭ ሪባን ሆኖ ከወጣልሽ ደህና ነሽ። ሙጫ ከሆነ ሞቋል፤ ቆም በይ። ከሥር ሊወጣ ሲል ደግሞ እጅሽን ከበፊቱም አቅልዪው። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ያን ጊዜ ነው፤ የሚሰበረውም ያን ጊዜ ነው።»

የመጀመሪያው ሙከራዋ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም። «በደረትሽ አይደለም አልኩሽ» አላት። «የሃያ ዓመት ደረት ዝም ብሎ አይቀመጥም» አለችው። በሦስተኛው እስትንፋሷን ይዛ፣ እየገባች እየወጣች፣ ነጩ ሪባን እየተጠቀለለ ሲወጣ እያየች ወረደች። ፑንታው ጣውላው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ደፈን አለ። ሞርሳውን ፈታች፣ ወረቀቱን ላጠች። ቀዳዳው ሳንቲም ይመስል ክብ ነው፤ ዙሪያው ንጹሕ። አፏን ቀዳዳው ላይ ደቅና «ዋርሳዬ!» አለች። ፊደሉ ከወዲያ ሆኖ ጆሮውን ደግኖ «አቤት!» አላት። እንደ ልጆች ሳቁ።

መቁረጡ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተገለበጠ። ፊደሉ ጫፉ የተቆለመመ ቢላዋ ሰጥቷት፣ «አንዴ ጭሮ መስበር የለም፤ በዚያው መስመር አሥር ጊዜ ትመላለሻለሽ፣ ግማሽ ውፍረቱ ድረስ ሲገባ መስመሩን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርገሽ ባንድ ጊዜ ወደ ታች» አላት። ቆራጧ አሥር ጊዜ ተመላለሰች፤ አሥሩም አንድ መስመር ላይ አረፈ። ማስመሪያውን አላንሸራተተች፣ እጇ አልወላወለም። ጫን ስትለው ቀጭ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ፀጉር ታህል ሳይስት ወጣ። ፊደሉ ቁራጩን አንስቶ በአንድ ዓይኑ በርዝመቱ አየው።

«እኔ ይሄን ለማድረግ አንድ ሰዓት ሞርጄ ነው» አለ ቅር እያለው።

«ማስመሪያውን በጣትህ ጫፍ ስለምትይዘው ነው። በመዳፍህ ያዘው» አለችው። ያን ቀን የተቀበለችውን ትምህርት በከፊልም ቢሆን መለሰች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ዕቃቸውን ተሸክመው ጤና ጣቢያው ገቡ። የመሃለኛውን ፕላስቲክ ብሎኑን ፈትተው አወረዱና በአዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ በጣውላ አስደግፈው አስተኙት። ፊደሉ በጣቱ ቀዳዳዎቹን አስቆጠራት፤ አንድ ከመሃል፣ ስድስት በዙሪያው፣ ከዚያ ውጭ አሥራ ሁለት። «አሥራ ዘጠኝ ይሆናል። ግን ቁመቱ የት ላይ ይሁን?»

ረጅም ሰው ሲመጣ እንዳይጎብጥ፣ አጭር ሰው ሲመጣ እንዳይንጠራራ ተጨነቁ። ከአግዳሚው ሰው ሁሉ ሐሳብ ሰጠ። አንዱ «በኔ ልክ» አለ፤ ሌላዋ «አንተ ዓመት ሙሉ ታመህ አታውቅ፣ ምን ይሠራልሃል?» አለችው። ቆራጧ ስልኳን አውጥታ ለእማማ ደወለች።

«እማማ፣ ይምጡ እስቲ።»

«አልመጣም ብያለሁ።»

«እንደ ሕመምተኛ አይደለም። እንደ ማስመሪያ ነው።»

«እንደ ማስመሪያ ከሆነ...» አሉ እማማ። ማስመሪያ ሠላሳ ዓመት ከእጃቸው ያልጠፋ ዕቃ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ መነጽራቸውን አድርገው ደረሱ፤ ምራታቸውና ታናሹ ልጃቸው አንድ ሞርሳ በሁለት በኩል ይዘው ሲያወሩ ሲያዩ በሩ ላይ ቆም አሉ። ቦርሳቸውን አስቀምጠው መስኮቱ ጋ ሄደው ቀጥ ብለው ቆሙ። ቆራጧ ከጠረጴዛው እስከ ከንፈራቸው ለካች።

«ይሄ ለአጭር ሰው ነው» አለች።

«ለመካከለኛ» አሉ እማማ።

ለረጅሙ ደግሞ ሰው ሲፈለግ ያ ባለ ነጎድጓድ ድምፅ ግዙፍ ሰውዬ ከአግዳሚው ጥግ እየተሽኮረመመ ብድግ አለ። እማማ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ና ቁም» አሉት፣ «አፍህን ግን ዝጋ።» ሰውየው አፉን ዘግቶ ተለካ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ እማማም ሳቁ። በዚህም ቀዳዳው ሠላሳ ስምንት ሆነ፤ አሥራ ዘጠኝ ከታች፣ አሥራ ዘጠኝ ከላይ።

መጀመሪያ ቆራጧ ከሥር በኩል ሁለት ጣት ስፋት ቆረጠች፤ ካርዱ ክፍተቷ ውስጥ እየተቀረቀረ ነበርና። ቀጭ ሲል ወረፋው ሁሉ «እ!» ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ። የተቆረጠው ቁራጭ ግን አንድም ጥርስ ሳይኖረው ወደቀ። አጨበጨቡላት። ከዚያ መብሳቱን ተራ በተራ ያዙት። እሱ ሲበሳ እሷ የሳሙና ውሃ ጠብ ታደርጋለች፤ እሷ ስትበሳ እሱ ፍርፋሪውን በብሩሽ ያነሳል። የካርድ ክፍሏ ልጅ ከጎን ቆማ ትቆጥራለች። «ሃያ ሁለት... ሃያ ሦስት...» አንድ ጊዜ ሲስተር የሕመምተኛ ስም ስትጠራ የተጠራው ሰው «እባክሽ እስከ ሠላሳ ልቆይ» አላት።

ሠላሳ ሰባት ላይ ፊደሉ ደስታ ፈነቀለው። ድሪሉን ከቆራጧ እጅ ተቀብሎ የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ አስቀመጠና ወደ ሰዉ ዞሮ እየሳቀ ወረደባት። ድምፁ ከፍ አለ። ቆራጧ ሰማችው፤ ነጩ ሪባን መቋረጡንም አየች። እጇን እጁ ላይ አሳረፈች።

«ማሙሽ፣ ቀስ።»

ፊደሉ ደንግጦ ቀና አለ። በዚህ ስም ከእናቱ በቀር ማንም ጠርቶት አያውቅም። ፊቱ ቀላ፣ ፑንታውን አወጣ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፣ ውሃ ጠብ አደረገ። ከዚያ ራሱ ባስተማረው መንገድ፣ እጁን ከበፊቱም አቅልሎ ገባ። ድምፁ ጣውላው ላይ ደፈን አለ።

«ሠላሳ ስምንት!» ብላ ጮኸች የካርድ ክፍሏ ልጅ።

ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ፤ የብሎን ቀዳዳዎቹንም ትንሽ አሰፉ፤ ፕላስቲክ ሙቀት ሲነካው ስለሚለጠጥ መፈናፈኛ ይፈልጋል። ገጥመው ሲጨርሱ ጽዳት ሠራተኛዋ ላጽዳው ብላ የአልኮል ጠርሙስ ይዛ ስትመጣ ፊደሉ በሁለት እጁ ተጋረደ። «በአልኮል አይሆንም! በየቀዳዳው ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ።» ሴትዮዋ ጠርሙሷን ዝቅ አድርጋ ወደ ሲስተር ዞረች። «ሐኪም ቤት ውስጥ አልኮል አይነካኝ የሚል መስኮት ዘንድሮ አየሁ!»

ዓርብ ጠዋት እማማ ሰዓታቸውን አክብረው መጡ፤ ቆራጧና ፊደሉም ሥራቸውን ለማየት አብረው መጡ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ድምፅዋን ሳታነሳ አንድ ነገር ጠየቀች። እማማ ሰሙ። እሳቸውም ቀዳዳው ላይ ጠጋ ብለው ቀስ አድርገው መለሱ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው አንገቱን አሰገገ፤ ምንም አልተሰማውም። ልጅቷ ሳቀች። እማማም አንድ ነገር ጨመሩ። ልጅቷ ወንበሯን ወደፊት ሳበች። ነገሩ ካርድ ማውጣት መሆኑ ቀርቶ ጨዋታ ሆነ። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ ስምንት አለፈ፣ ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ።

«ምንድነው የሚባባሉት?» አለ አንዱ ከአግዳሚው፣ በጣም ተበሳጭቶ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ድሮ ሁሉን እንሰማ ነበር» አለ ጎረቤቱ።

እማማ ካርዳቸውን ተቀብለው ወደ መለኪያ ክፍሉ ሲያልፉ፣ «ልጅቷ ጉሮሮዋን አሟት ከርሟል፤ በሞቀ ውሃ ማር እንድትጠጣ ነግሬያታለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ገና ጨዋታችንን አልጨረስንም» አሉ። ግፊታቸውም ተለካ፤ ደህና ነው ተባሉ፤ የወር ኪኒናቸው ተሰጣቸው።

ሲስተር ሁለቱን ሠራተኞች ኮሪደሩ ላይ አገኘቻቸው። የመድኃኒት ማደያውና የላቦራቶሪው መስኮትም እንዲሁ እንዲሠራ ትፈልጋለች፤ መቼ ያልቃል?

«በሦስት ቀን» አለ ፊደሉ።

«በአምስት ቀን» አለች ቆራጧ።

«ሦስት ይበቃል፣ እትዬ። አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ እበሳለሁ።»

«አንተማ ትበሳለህ። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ማን ይይዝሃል? አምስት ብያለሁ።»

ከጤና ጣቢያው ደጅ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሲከራከሩ ሄዱ፤ እማማ ከኋላቸው በዝግታ እየተከተሉ፣ አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ያዳምጣሉ። አውቶቡሱ መጥቶ ሲቆም የሚነዳው የእማማ ትልቁ ልጅ ነበር። የፊት በሩን ሲከፍት ሚስቱና ወንድሙ አንድ ላይ «ሦስት!» «አምስት!» እያሉ ተሳፋሪውን አልፈው ገቡ። ሾፌሩ ሁለቱን በመስታወቱ አየ፣ ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማማ፣ እነዚህ ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ዝም ብለህ ንዳ» አሉት እማማ፣ ከኋላው ያለው ወንበር ላይ እየተመቻቹ። «ገና የሦስት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ አለባቸው።»